የተጠቀለለው እግር

መስከረም 21

ዕጣው ዛሬ ጠዋት ወጣ፤ ክለቤ ከእናንተ ክለብ ጋር ደረሰው። የመጀመሪያው ጨዋታ እናንተ ሜዳ ላይ ነው፣ እሁድ ታኅሣሥ 26 ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት።

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ። ወሬው ከሰላምታው ቀድሞ አመለጠኝ፣ አይቀየሙኝ። እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎ እንዴት ነው? አሁንም ጎንበስ ብለው ነው የተጫዋች እግር የሚያሹት ወይስ አልጋውን ከፍ አደረጉልዎ? እማዬስ ደህና ናት?

እኔ ደህና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ለሌላ ሰው ልጅነት ነው፤ እየሮጠ ለሚያጠቃ የመስመር ተከላካይ ግን ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ክለቡ በእኔ ቦታ የሚጫወት አንድ ለጋ ልጅ ገዝቷል። ሲሮጥ ነፋስ ነው። ሲያሻማ ግን ኳሷ የምትደርሰው ተመልካች ጭን ላይ ነው። ስለዚህ ለጊዜው እኔ አለሁ።

ዕጣው ሲነገር መልበሻ ክፍል ነበርን። ጓደኞቼ «ቤትህ ልትጋብዘን ነው!» እያሉ ጀርባዬን ደበደቡኝ። አብሬያቸው ሳቅሁ። ቤቴ ምን እንደምባል የሚያውቅ በመካከላቸው የለም።

ሁለት ነገር ይጻፉልኝ። አሠልጣኙ አሁንም እሱ ነው? በግራ መስመር አጥቂነት የሚሰለፈውስ የራሱ ልጅ ነው የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነ ያን እሁድ ልጁ የሚያልፈው በእኔ በኩል ነው።

ስልክ አልደውልም። የክለቡ ስልክ ስንት ጆሮ እንዳለው እርስዎ ያውቃሉ።

የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ። ጉልበትህ አይዛል፣ ትንፋሽህ አይጠር፣ ወደ ፊት ስትሄድ ትተኸው የሄድከውን ቦታ ጠላት አይይብህ።

ደብዳቤህን ለእናትህ ሁለት ጊዜ አነበብኩላት። ሁለተኛውን የጠየቀችኝ አልሰማሁም ብላ ነው፤ ጆሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል። ከዚያ ተነስታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ሳህን ነበር።

ለጥያቄህ፦ አዎ፣ አሠልጣኙ ያው እሱ ነው። ፀጉሩ ሄዷል፣ ድምፁ አልሄደም። ልጁም በግራ መስመር ይጫወታል፣ አሥራ አንድ ቁጥር ነው። ፈጣን ነው፤ ትሑትም ነው፤ ሊታሽ ሲመጣ እግሩን ታጥቦ ይመጣል፤ ይህን የሚያደርግ ብዙ የለም። በዚያ ጨዋታ ከውጭ ክለብ የሚያዩት ሰዎች ይመጣሉ ተብሏል። ከወደዱት ይወስዱታል።

ከተማው በወሬ ሰክሯል። ስታዲየሙ አጠገብ ያለው ልብስ ሰፊ ከሱቁ ወጥቶ «ባቡሩ ሊመጣ ነው!» አለኝ። ዛሬም ባቡሩ ነው የሚሉህ። ጎማ ጠጋኙ ታዲያ ዝም አይልም፣ «ቲኬቱን በምን ቆረጠ? በዚያ በሸጠው ጨዋታ ነዋ!» አለ። ልብስ ሰፊው መቀስ እንደያዘ ሊሄድበት ሲል እኔ ነኝ የያዝኩት። እኔም መያዝ አልነበረብኝም።

አንተ የምትሮጥበት የሜዳው ጠርዝ ዛሬም ወደ ውጭ ያዘነብላል። ዝናብ ከጣለ ጫማህን አስብበት።

አጎትህ


ጥቅምት 17

ክለባችን የጨዋታዎቻችሁን ካሴት አስመጣ።

አጎቴ፣ ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ሁሉ ይሁን። ካሴት የምናይበት አንድ ጠባብ ክፍል አለን፤ መጋረጃው አይከፈትም፣ ወንበሮቹ ፕላስቲክ ናቸው። ሌሎቹ ሲወጡ እኔ ቀረሁና አሥራ አንድ ቁጥርን ብቻ እያየሁ ዋልኩ። ጎበዝ ነው፤ አልዋሽም።

ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነጭ ፋሻ አለ። ካልሲው ተጠቅልሎ ወርዶ ፋሻው በደንብ ይታያል። ከተረከዝ ተነስቶ ስምንት ቁጥር እየሠራ ይወጣል፣ ጫፉ በውጭ በኩል ይታሰራል። ያ የእርስዎ እጅ ነው ጋሼ። እኔም ላይ አስረውታል። የታመመው ግራዬ ነበር፣ የጠቀለሉት ቀኜን። ተጋጣሚ ሁሉ ደህናውን ሲረግጥ ይውል ነበር፤ የታመመው ካልሲው ውስጥ ተደብቆ ዳነ። አንዳንዴ ግን እውነተኛውን ይጠቀልላሉ፣ ሰው እንዳይለምድዎ። ስለዚህ እኔ ካሴቱን መቶ ጊዜ ባየው አላውቅም።

የታመመው እግሩ የትኛው ነው? ቀኝ ወይም ግራ ብለው አንዲት ቃል ይጻፉልኝ።

ለምን ብለው እንዳይጠይቁኝ ራሴ ልናገር። አጥቂ ነበርኩ። ተከላካይ ያደረገኝ እሱ ነው፤ «ከኋላ ተነስተህ ስትመጣ ማንም አይጠብቅህም» ብሎ። እውነቱን ነው፣ ማንም አልጠበቀኝም። ሰውዬው የፈለሰፈኝን ያህል አመሰግነው ነበር። በዋንጫው ፍጻሜ ቀን ጭኔ ተቀድዶ ነበር፤ እርስዎ «አይጫወትም» አሉ፣ እሱ መርፌ አስወጋኝ። ከመስመሩ ዳር ቆሞ «ውጣ! ውጣ!» ይለኝ ነበር። ወጣሁ። መመለስ አልቻልኩም፤ ጎሉ በእኔ ቦታ ገባ።

በማግስቱ ሬዲዮ ላይ ምን አለ? «የተሸነፍነው ሜዳ ላይ አይደለም። በቀኝ መስመራችን በኩል አስቀድሞ የተስማማ ሰው ነበር።» ፌዴሬሽኑ አጣርቶ ምንም አላገኘም፤ ያንን ግን በሬዲዮ ያነበበው የለም። አባዬ አውቶቡስ ሲነዳ ተሳፋሪዎች «ሒሳቡን ለልጅህ ስጠው፣ ይሸጥልሃል» ይሉት ጀመር። አንድ ቀን አውቶቡሱን መሐል መንገድ አቁሞ፣ ቁልፉን ለረዳቱ ሰጥቶ በእግሩ ቤት ገባ። ዳግም አልነዳም። ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ልቡን ምን እንዳገኘው አልጠየቀም።

አንዲት ቃል ብቻ ነው የምለምንዎ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 8

ለምወድህ ልጄ። ከበላህበት አትራብ፣ ከረገጥክበት አትንሸራተት፣ ስምህን የጠራ ሁሉ በደግ ይጥራህ። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ አድርግልኝ።

የእናትህ ቤት ጣሪያ በጓዳው በኩል ያፈስ ነበር፤ ቆርቆሮ ለዋጩ መጥቶ አንዱን ጠግኖ ሁለት ቀድዶ ሄደ። አሁን ባልዲ እያፈራረቅን ነው። እናትህ «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ቢሆን ኖሮ አንድም ሰው አይተርፍም ነበር» ትላለች። መሳቋ ደግ ነው። ጎረቤታችን መምህሯ ጡረታ ወጣች። የመንገዱ መብራት ተሠራ።

ጥያቄህን አይቻለሁ። ያልመለስኩት ረስቼው አይደለም።

እኔ ወጌሻ ነኝ። እግር ጭኔ ላይ ሲቀመጥ የማን ልጅ እግር ነው አልልም። ያንተም እንዲህ ተቀምጧል፣ ከአንተ በኋላ የመጣው ሁሉ እንዲህ ተቀምጧል። አባቱ ያንን በሬዲዮ ሲናገር ልጁ አልነበረበትም፤ ያን ጊዜ ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር። አባቱን ብትጠላ እረዳሃለሁ፣ አብሬህም እጠላዋለሁ። ግን ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ይህን ይዘህ ሜዳ ከገባህ አንተም አትጫወትም።

አምና ካልሲ ላክልኝ ብዬህ ነበር፤ ተወው፣ እዚሁ አገኘሁ።

አጎትህ


ኅዳር 17

አጎቴ፣ ስለ ጣሪያው ተረድቻለሁ።

አባዬ በተቀበረ በሳምንቱ እርስዎ የዚያን ሰው ቡድን እግር ሲያሹ ነበር። ሰማሁ። «አጎቴ ልጆች ያሳድጋሉ» አልኩ። ዛሬም አልወቅስዎትም። ግን «አብሬህ እጠላዋለሁ» ሲሉ ጥላቻው የት እንዳለ ይጻፉልኝ። ጠዋት «እንደምን አደሩ» ሲሉት ነው? ወይስ ደመወዝ ሲፈርሙ?

እኔ የት እንደነበርኩ ልንገርዎ። የመጀመሪያው ክለብ ሊያስፈርመኝ እስክሪብቶ ካስያዘኝ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ስልክ ተቀበለና ወረቀቱን ሳበው። «ስለአንተ የሰማነው ነገር አለ» አለኝ። ከዚያ ሲሚንቶ ፋብሪካ ጎን ሜዳ ያለው የታችኛው ዲቪዚዮን ቡድን ወሰደኝ። ነጭ ለብሰን ገብተን ግራጫ ሆነን እንወጣ ነበር። በዚያ አቧራ ውስጥ ላይ ታች እያልኩ ሮጥኩ፤ ኳስ በነጠቁን ቁጥር ከሁሉ ፈጥኜ እመለስ ነበር። ለምን ይመስልዎታል? ቦታዬ ባዶ ሲሆን የዚያ ሰውዬ ድምፅ ይሰማኛል። «የተስማማ ሰው ነበር» ይለኛል። እዚህ «ሲያጠቃ እንደ አጥቂ፣ ሲመለስ እንደሚያባርሩት ሌባ ነው» ብለው ያሞግሱኛል። ሌባ መባሌን ሳያውቁ።

ልጁን እንደ ዱርዬ አልመታውም፤ አይስጉ። ሸርተቴ ነው የምወርደው። ኳሷን ቀድሜ እነካለሁ፣ ዳኛው ኳሷን ያያል፣ የቀረው እግር ከኋላ ይመጣል። በእነዚህ ዓመታት አንድ ነገር ከተማርኩ ዳኛ የት ሲቆም ምን እንደማያይ ነው። አባቱ ዳር ቆሞ ያያል። ልጁ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ሊያዩት የመጡት ሰዎች ማስታወሻቸውን ሲያጥፉ ያያል። ከዚያ እሱም ቤቱ ገብቶ ቁልፉን ያስቀምጥ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ያሉኝ እርስዎ ነበሩ። የትኛው እግር ነው?


ኅዳር 27

ከሥራ ወጣሁ።

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያለፈው ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ መልስ እያሰብኩ ሳለሁ ነው የሆነው። አሠልጣኙ ኳስ የምናስቀምጥበት ክፍል ድረስ መጣ። በሩን ዘጋ።

«ጋሽ ወጌሻ፣ ይሄ ጨዋታ እስኪያልፍ እረፍ ይበሉ» አለኝ።

«እስኪያልፍ ብቻ?»

«እንግዲህ... ከዚያም በኋላ።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ግን የእህትዎ ልጅ ባላጋራ ነው። ደብዳቤም ትጻጻፋላችሁ አሉ።»

«አጎቱ ነኝ፤ ምን ልጻፍለት፣ የፍቅር ግጥም?»

አልሳቀም። አዲሱ ወጌሻ ውጭ ቦርሳውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ደንግጦ ሰላም አለኝ፤ ጥሩ ሰው ይመስላል። ቅባቶቼን በላስቲክ ጠቅልዬ ወጣሁ። በሩ ላይ አሥራ አንድ ቁጥርን አገኘሁት። «ነገ እመጣለሁ ጋሼ፣ እግሬ ዛሬ ትንሽ ነዝሮኛል» አለኝ። አልነገሩትም ነበር።

የትኛው እግር እንደሆነ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለአንተም። ብናገር ኖሮ ቢያንስ የእጄን አገኘሁ እል ነበር። አንዲት ቃል ሳልጽፍልህ ጻፍክ ብሎ አባረረኝ። በአንተ ላይ ያደረገውን ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ ሳየው ለካ አልገባኝም ነበር። ባላደረግኸው ነገር ስምህ ሲነሳ ጉሮሮ ውስጥ እንደ አጥንት ይሰነቀራል። አሁን እኔም አለኝ።

የጠየቅከኝን ዛሬም አልጽፍም። የነገውን ግን አልምልም።

አጎትህ


ታኅሣሥ 5

እንኳን ደህና መጡ ጋሼ።

ይህን ስጽፍ ፈገግ ብያለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በእርስዎ መጎዳት አይደለም። ሰውዬው ግንቡን የሚጠብቅለትን ብቸኛ ሰው ከግንቡ ላይ ገፍትሮ ስለጣለው ነው። እርስዎ በሥራዎ ላይ እያሉ አፍዎን የሚያስከፍት ኃይል አልነበረም፤ እኔ ሞክሬ አውቃለሁ። አሁን የማን ወጌሻ ነዎት?

ወጪዎን ሁሉ በእኔ ላይ ያድርጉት። ስለዚህ ጉዳይ አንድ መስመር እንዳይጽፉልኝ። ይልቅ ያንን ቃል ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 13

አሠልጣኙ ትናንት ቤታችን መጣ።

ልጄ፣ እናትህ ትስምሃለች። እኔም ሰላም ብያለሁ። እንዳለ ልጻፍልህ፤ ኋላ ከሌላ ሰው አጣምመህ እንዳትሰማው።

ብቻውን ነው የመጣው፣ መኪናውን ራቅ አድርጎ አቁሞ። እናትህ በሩን ከፈተች። አየችው፤ ገብተህ ተቀመጥ አላለችውም። እኔ ወንበር ልስብ ስል በዓይኗ መለሰችኝ። ቆሞ ነው የተናገረው።

«ጋሽ ወጌሻ፣ ተቻኩዬ ነው። ወደ ሥራዎ ይመለሱ» አለኝ።

«አልመለስም» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ገረመኝ።

«እሺ... የልጄን ነገር ግን እርስዎ ብቻ ነዎት የሚያውቁት። በልጄ አይፍረዱብኝ።»

ይህን ጊዜ እናትህ ናት የመለሰችው። «ልጄ ያልከው አንድ ነው፤ እኔም ያለኝ አንድ ነው» አለችው።

«ይገባኛል እመቤቴ፣ ያኔ የተናገርኩት...»

«ለእኔ አትንገረኝ። እኔ ያኔም አላመንኩህም። በሬዲዮ የወሰድከውን በሬዲዮ መልስ።»

«ከጨዋታው በኋላ...»

«ከጨዋታው በፊት። ዋሸሁ በል። ተሳሳትኩ አይደለም፣ ዋሸሁ።»

አርብ ታኅሣሥ 24 በአሥራ አንድ ሰዓት የስፖርቱ ፕሮግራም አለ፤ ከትልቅ ጨዋታ በፊት ሁልጊዜ እሱ ይቀርባል። «አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። ልብስ ሰፊው ሲወጣ አይቶት እስካሁን ሦስት ጊዜ ክር ሊዋስ መጥቷል፤ ልብስ ሰፊ ከወጌሻ ክር ሲዋስ ያየኸው አለ?

አሁን ቁም ነገሩን ስማኝ። በር ላይ ተከትዬው ወጥቼ «ከተናገርክ እኔ ዝም እላለሁ፤ የእህቴ ልጅም የልጅህን እግር አይነካም» አልኩት። በአንተ ስም ቃል ሰጥቻለሁ። ካልተናገረ ግን አርብ ከፕሮግራሙ በኋላ የምታርፉበት ሆቴል መጥቼ በአፌ እነግርሃለሁ። ከእንግዲህ ምስጢሩን አልጠብቅለትም።

አባትህ ቢኖር የቱን ይመርጥ ነበር ብዬ አሰብኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሬዲዮ ነበረው። ያንን ድምፅ እዚያው ሬዲዮ ላይ መስማት ይፈልግ ነበር እላለሁ።

አጎትህ


ታኅሣሥ 21

ፋሻው ወደ ግራ እግሩ ዞሯል።

አጎቴ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ የክለባችን ዕቃ ጠባቂ ነው፤ ማሊያና ኳስ ይዞ ከቡድኑ ቀድሞ ነገ ይመጣል። ጠይሙ፣ ረጅሙ ሰውዬ ነው፤ ብዙ ያወራል፣ አንዱንም አይመኑት።

እርስዎ ከወጡ በኋላ የተደረጉት ጨዋታዎች ካሴት ትናንት ደረሰን። አሥራ አንድ ቁጥር ቀኙ ባዶ ነው። ፋሻው ግራው ላይ ነው፣ አስተሳሰሩም ሌላ ነው፤ ቀጥ ብሎ የተጠመጠመ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ። አዲሱ ወጌሻ የዋህ ሰው ነው፤ ልጁ ያመመኝ ያለውን እግር ጠቀለለለት። በቃ። እርስዎ በዝምታ የሸሸጉትን ያ ሰው እርስዎን ባባረረ በሳምንቱ ለዓለም አሳይቶታል፤ እስካሁንም አልገባውም። ሸርተቴ የሚወርድ ተከላካይ ሁሉ ያየዋል። እኔ ደግሞ ያየሁትን አረጋግጫለሁ፤ ሲዞር ግራ እግሩ ላይ ክብደት አይጥልም።

ስለዚህ ጋሼ፣ በር ላይ ቆመው የሸጡለት ዕቃ ከእጅዎ ወጥቷል። ሆቴል ድረስ መጥተው የሚነግሩኝ ነገር የለም። ዝምታዎንም እኔ አልፈልገውም፣ እሱም አያስፈልገውም። ልጁን የሚያድን ቃል ካለ የእኔ ነው፤ እኔን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። በስሜ ቃል ሲሰጥብኝ ይሄ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው የተሰጠው በሬዲዮ ነበር።

አትቆጡኝ። እርስዎና እማዬ የጠየቃችሁት ደግ ነገር ነው። እኔ ግን ሳስበው አንድ ሰው ማይክራፎን ይዞ ሁለት ደቂቃ «ዋሸሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይታየኛል። ራቱን ይበላል። አባዬ ግን የአውቶቡሱን ቁልፍ ዳግም አልወሰደም። ከዚያ ደግሞ እማዬ ቆማ «ዋሸሁ በል» ስትለው ይታየኛል፣ ያንንም ከእጇ መንጠቅ አልወድም። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ስንቴ እንደተገለባበጥኩ ብነግርዎ ይስቁብኛል። አሠልጣኜ ሳይቀር አይቶኛል፤ «አንተ የምታስበው ጨዋታ እኛ የምንጫወተው ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አሰላለፉን ያነባል፤ እኔ አለሁበት።

ስለዚህ የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ እርስዎም አይደሉም። እማዬ ትወስን። አርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ሬዲዮውን ትክፈት። እሱ ላይመጣ ይችላል። መጥቶም «እንደ ሰው ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ ሊሸሽ ይችላል። ወይም እንዳለችው ይለዋል። የሰማችው ከበቃት እሁድ ሜዳ ትምጣ። የቀኝ መስመራችን ፊት ለፊት፣ ታችኛው ረድፍ ላይ ወንበር አስይዤላታለሁ፤ ቲኬቱ እዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። እዚያ ካየኋት ልጁን በሩጫና በኳስ ብቻ አደክመዋለሁ፤ ሊያዩት ለመጡት ሰዎችም ሙሉ እግሩን ይዞ ይወጣል።

ካልበቃት ቤቷ ትቀመጥ። ወንበሩ ባዶ ከሆነ እኔ ይገባኛል፤ አንድም ጥያቄ አልጠይቃትም፣ በሕይወት እስካለሁም «አንቺ ነሽ ያልሽኝ» አልላትም።

ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡላት። ምክር አይጨምሩበት። ሳህን ካጠበች ትጠብ።

ጨዋታው እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በሩ በሰባት ይከፈታል።

የእህትዎ ልጅ